መካከለኛው ገበሬ ወዴት እየሄደ ነው?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 በገጠሩ ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ ከፍተኛ እንደነበር የሚካድ አይደለም። የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለመሬት ይገብር የነበረው ጭሰኛ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያመረተውን ወደ ራሱ ጎተራ ማስገባት ቻለ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። መሬት መሸጥ፣ ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ። ቢያንስ 800 ሄክታር ወይም 20 ጋሻ በሚሆን ክልል ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎችም በማኅበር ተደራጅተው መሬቱን ራሳቸው እንዲደለድሉ ተደረገ። አስተዳደሩ ዛሬ ቀበሌ ቢባልም በብዙ ቦታ ሕዝቡ «ገበሬ ማኅበር» የሚለውን ስም ያልተወው የዚያ ድልድል ትዝታ ስላልጠፋ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል። መሬቱ ተመዝኖና ተለክቶ ተደልድሏል፤ ገቢው ግን አብሮ አልተደለደለም። በአንድ ጎጥ የሚኖሩ፣ በይዞታ ደብተራቸው ላይ ተመሳሳይ የጥማድ ቁጥር የተጻፈላቸው ሁለት ጎረቤታሞችን እንመልከት። አንደኛው በወረዳው ከተማ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ያከራያል። ሁለተኛው በሐምሌ ወር እህል ተበድሮ ልጆቹን ያበላል። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ልዩነቱስ በየዓመቱ እየሰፋ ሲሄድ የገበሬው መሪ ምን ሊያደርግ ይችላል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመርመር ነው።

መካከለኛው ገበሬ ማን ነው?

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በነበሩት የውይይት ጽሑፎች ገበሬው ሀብታም፣ መካከለኛና ድሃ ተብሎ ይከፈል እንደነበር ብዙ አንባቢ ያስታውሳል። ክፍፍሉ በዚያን ጊዜ ለምን እንደዋለ ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ቃሉ ግን ዛሬም የሚያመለክተው እውነተኛ ሰው አለ። መካከለኛ ገበሬ የምንለው ጥንድ በሬ ያለው፣ የራሱን መሬት በራሱና በቤተሰቡ ጉልበት የሚያርስ፣ ከመኸር እስከ መኸር ቤተሰቡን የሚመግብ፣ ግብሩንና የማዳበሪያ ዕዳውን ከፍሎ ለከርሞ ዘር የሚያስቀር ሰው ነው። ሀብታም አይደለም፤ ነገር ግን የማንንም በሬ አይለምንም።

የቀበሌው ኑሮ የሚቆመው በዚህ ሰው ላይ ነው። ደቦ ሲጠራ በሬውን ይዞ የሚመጣ፣ የእድሩን መዋጮ ሳይጎትት የሚከፍል፣ ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያዋጣ፣ በስብሰባ ላይ ሳይፈራ የሚናገር እሱ ነው። እሱ ሲመናመን የሚጎድለው የአንድ ቤት እንጀራ ብቻ አይደለም። ማኅበሩ ራሱ ትእዛዝ ሰጪና ትእዛዝ ተቀባይ ሆኖ በሁለት ይከፈላል።

ዛሬ በብዙ ቀበሌ የሚታየው ግን ይኸው ሰው ከሁለት ወገን እየተመናመነ መሄዱ ነው። ጥቂቱ ወደ ላይ ወጥቶ ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕና የከተማ ቤት አለው። ብዙው ደግሞ ወደ ታች ወርዶ በገዛ መሬቱ ላይ ሌላ ሰው ሲያርስ ይመለከታል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

በመንግሥት የቤተሰብ ወጪ ጥናቶች መሠረት፣ በገጠር ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 47.5 ከመቶ ነበር። በ1997 ወደ 39.3፣ በ2003 ወደ 30.4፣ በ2008 ደግሞ ወደ 25.6 ከመቶ ወርዷል። ይህ ትልቅ እርምጃ መሆኑን መቀበል ይገባል። የመንገድ፣ የትምህርት፣ የጤና ኤክስቴንሽንና የማዳበሪያ ሥራ ፍሬ ሳያፈራ አልቀረም።

በሌላ በኩል ደግሞ በሀብታምና በድሃ መካከል ያለውን ርቀት የሚለካ «ጂኒ» የሚባል መለኪያ አለ። ሁሉም ሰው እኩል ቢያገኝ 0፣ አንድ ሰው ሁሉንም ቢወስድ 1 ይሆናል። በእነዚሁ ጥናቶች መሠረት በመላ ሀገሪቱ ከ2003 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ከ0.298 ወደ 0.328 ከፍ ብሏል። ርቀቱ በከተማ ይበልጣል፤ ገጠሩ ግን ከእርሱ ነጻ አይደለም። ይህ መለኪያ የሚቆጥረው ሰው በዓመት የሚበላውንና የሚያወጣውን ነው። በበረት የቆመውን በሬ፣ በከተማ የተሠራውን ቤት፣ በአራጣ የተያዘውን ዕዳ አይቆጥርም። ስለዚህ አንድ ገበሬ ዘንድሮ ሦስት ጊዜ በልቶ ሊያድርና በዚያው ጊዜ በሬውን ሸጦ ወደ ድህነት መንገድ ሊገባ ይችላል። ይህን የሚያየው የሩቅ ቆጣሪ አይደለም። የሚያየው እዚያው ቀበሌ ውስጥ ያለ መሪ ነው።

ከአሩሲ የተገኘ ትምህርት

ምርት ማደጉ ብቻውን እኩልነትን እንደማያመጣ ከሚያሳዩት ምሳሌዎች ዋነኛው በአሩሲ የጭላሎ ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ «ካዱ» በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የእርሻ ልማት ድርጅት በጭላሎ አውራጃ ተቋቋመ። ዓላማው በምርጥ ዘር፣ በማዳበሪያና በብድር አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር። የስንዴው ምርትም በእርግጥ አደገ። ነገር ግን መሬቱ የባለመሬቱ ስለነበር፣ እርሻ አትራፊ መሆኑን ያየ ባለመሬት የመሬቱን ኪራይ ከፍ አደረገ፤ ሌላውም ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አፈናቀለ። ለድሃው ታስቦ የመጣው ልማት ድሃውን ከመሬቱ ነቀለው።

ከየካቲት 1967 በኋላ ደግሞ ሌላ ስህተት ተሠራ። እኩልነትን በትእዛዝ ለማምጣት ሲባል የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለም መሬትና የእርሻ መሣሪያ በቅድሚያ እንዲያገኙ ተደረገ። የግል ገበሬው ግን እህሉን በኮታ፣ በተወሰነ ዋጋ ለመንግሥት ግዢ ድርጅት እንዲያስረክብ ተገደደ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ ከእነዚህ ማኅበራት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ሀብታቸውን ተከፋፍለው ፈረሱ። ገበሬው አምኖ ያልገባበት እኩልነት ትእዛዙ ሲነሳ አብሮ ተነሳ።

የሁለቱ ትምህርት አንድ ነው። ልማቱን ለገበያ ብቻ መተው ያለውን ሰው ያበለጽጋል። ልማቱን በትእዛዝ ብቻ መምራትም ሁሉንም ያደክማል። በመካከል የሚቀረው፣ ገበሬው በራሱ ማኅበር አማካይነት የሚሠራው ሥራ ነው።

በሬ፣ ዘርና የሐምሌ ወር

አሁን መካከለኛው ገበሬ እንዴት እንደሚወርድ እንመልከት። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ በሬ ነው። በሬው ይሞታል፣ ወይም ለሕክምና፣ ለሠርግ፣ ለተዝካር ይሸጣል። አንድ በሬ የቀረው ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጃል። መቀናጆ ጥሩ ባህል ነው፤ ሆኖም ዝናቡ የሚጠብቀው ሁለቱንም በአንድ ቀን ነውና ከሁለቱ አንዱ መዘግየቱ አይቀርም። ያለ ጊዜው የተዘራ መሬት ደግሞ የጊዜውን ያህል አይሰጥም። ሁለቱንም በሬ ያጣው ግን መሬቱን ለእኩል ከመስጠት ሌላ ምርጫ የለውም።

ለእኩል መስጠት ምን እንደሚያስከትል በሂሳብ እናስላው። ለስሌት እንዲመች አራት ጥማድ ወይም አንድ ሄክታር ያህል ስንዴ የተዘራበት መሬት 24 ኩንታል ሰጠ እንበል። የዘሩና የማዳበሪያው ወጪ 4 ኩንታል ያህል ቢያወጣ የሚተርፈው 20 ኩንታል ነው። ባለይዞታው ራሱ አርሶ ቢሆን 20ውም የእሱ ነበር። ለእኩል በመስጠቱ 10 ኩንታል ይደርሰዋል። አምስት ሰው ያለበት ቤት፣ ለአንድ ሰው በዓመት 2 ኩንታል ብንል፣ 10 ኩንታሉን በልቶ ይጨርሰዋል። ለግብር፣ ለልብስ፣ ለልጆች ደብተርና ለጨው የሚሸጥ ነገር የለም፤ በሬ መልሶ ለመግዛትማ ፈጽሞ አይታሰብም። አንድ ዓመት ብቻ ብሎ የሰጠ ሰው ዓመት ከዓመት ሲሰጥ የሚኖረው ስለዚህ ነው። በአንጻሩ የሦስት ሰው መሬት ለእኩል ያረሰው ጎረቤት በራሱ ምርት ላይ 30 ኩንታል ይጨምራል። በዚያም ሌላ ጥንድ በሬ ይገዛል። የሁለቱም ደብተር ግን አሁንም አራት አራት ጥማድ ይላል።

በዚህ ላይ የዋጋው ወቅት ይጨመራል። ዕዳ ያለበት ገበሬ እህሉን የሚሸጠው በታኅሣሥና በጥር፣ ማለትም ሁሉም በአንድ ላይ ሲያወጣና ዋጋው ሲረክስ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲጎድል በውድ ይገዛል። በጥር 3 ኩንታል የሸጠ ሰው በነሐሴ በዚያው ገንዘብ 2 ኩንታል ብቻ መልሶ ቢገዛ አንድ ኩንታል ያለ አውድማ ጠፍቶበታል። ያ ኩንታል አልተቃጠለም፤ እስከ ክረምት ማቆየት በቻለው ሰው ጎተራ ውስጥ ነው።

ማዳበሪያም ሌላው ማጥበቂያ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. በዓለም ገበያ ዋጋው ናረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የብር ዋጋ በመውረዱ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተወደደ። መንግሥት ድጎማ ቢያደርግም ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገበሬ ሙሉውን መጠን ለመውሰድ ይቸገራል። በግማሽ መጠን የዘራ ሰው ያው መሬት ቢኖረውም ያው ምርት አይኖረውም።

ከሁሉም የከፋው የሴት አባወራዋ ሁኔታ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት በደብተሩ ላይ ስሟ ቢኖርም፣ በብዙ አካባቢ ሞፈር መጨበጥ የወንድ ሥራ ተደርጎ ስለሚቆጠር መሬቷን ለእኩል ለመስጠት ትገደዳለች። አራሹ ዘመድ ሲሆን ድርሻዬ አነሰ ብላ ለመጠየቅ እንኳ ታፍራለች።

ወደ ላይ የወጣውስ?

ወደ ላይ የወጣውን ገበሬ በጠላትነት ማየት አይገባም። ብዙው በጥረቱ ያደገ ነው። ነገር ግን ጥረቱ ፍሬ ያገኘበትን በር ማወቅ ያስፈልጋል።

አንዱ በር ውሃ ነው። በሜጫ ወረዳ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ መስኖ በደረሰበት መሬት ያለ ገበሬ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ያመርታል። ቦዩ ያልደረሰለት ጎረቤቱ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሁለተኛው በር መጠበቅ መቻል ነው። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ገበሬው የከሰል ግራር ተክሎ አራትና አምስት ዓመት ጠብቆ ጥሩ ገቢ ያገኛል። ይሁን እንጂ ለዚያን ያህል ዓመት መሬቱን ለዛፍ መተው የሚችለው ሌላ የሚበላው ያለው ሰው ነው። ሦስተኛው በር መሣሪያ ነው። በአሩሲና በባሌ የስንዴ አውራጃዎች ኮምባይነር የብዙ ቀን አጨዳና ውቂያን በሰዓታት ይጨርሳል። ሰፊ መሬት ለያዘው እፎይታ ነው፤ በአጨዳ ቀን ሥራ ይኖር ለነበረው ድሃ ግን የጠፋ ደመወዝ ነው። አራተኛው በር ወሬ ነው። ብድር መቼ እንደሚለቀቅ፣ ምርጥ ዘር መቼ እንደሚገባ፣ በከተማ ዋጋው ስንት እንደሆነ አስቀድሞ የሚሰማ ሰው አስቀድሞ ይሰለፋል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው ለመሪዎቹ ቅርብ ነው።

በገጠር ከተሞች ያለው ደመወዝተኛም መልኩ ተለውጧል። መምህሩና የልማት ሠራተኛው ቀድሞ በአካባቢው ደህና ኗሪ ይባሉ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 ከመቶ በላይ ከሆነ ወዲህ ግን ደመወዙ ለወር መድረስ ተስኖታል። ስለዚህ በአንዳንድ ቦታ እሱም መሬት በኮንትራት ይይዛል። መሬት የሌለው ወጣት ሊከራየው ይመኝ የነበረውን ማሳ ወርኃዊ ገንዘብ ያለው ሰው ቀድሞ ይወስደዋል።

መሬት ያልደረሰው ትውልድ

በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሀገሪቱ ከ42 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። በ1987ቱ ቆጠራ 53 ሚሊዮን፣ በ1999ኙ ወደ 74 ሚሊዮን ደርሷል። ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። መሬቱ ግን አልጨመረም። በአብዛኛው ቦታ ድልድል ከቆመ ወዲህ ጎጆ የወጣ ወጣት የሚጠብቀው ከወላጁ ይዞታ የሚቆረስለትን ነው። አራት ጥማድ ለሦስት ልጅ ሲካፈል ከሦስቱ አንዱም መካከለኛ ገበሬ ሊሆን አይችልም።

ይህ ወጣት ወደ ሁመራ ሰሊጥ፣ ወደ አዲስ አበባ የግንባታ ሥራ ወይም በአደገኛ መንገድ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳል። የተሳካለት ገንዘብ ልኮ አባቱን ባለ በሬ ያደርጋል። ያልተሳካለት ለደላላ የተከፈለውን ዕዳ ለአባቱ ይተዋል። ስለዚህ የአንድ ልጅ ጉዞ እንኳ ቤተሰብን ከመካከለኛነት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያወጣና የሚያወርድ ሆኗል።

በመሪው እጅ ያለው ምንድነው?

የዓለም ገበያን ዋጋ የቀበሌ መሪ አይወስንም። ሆኖም በእጁ ያለው ትንሽ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ የመሬት ኪራይን ይመለከታል። ቀድሞ ፈጽሞ መከልከሉ ኪራይን አላጠፋውም፤ ደበቀው እንጂ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ባለይዞታው መሬቱን ለተወሰነ ጊዜ እንዲያከራይ ፈቅዶ ነበር። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝንም ፈቅዷል። ኪራይ ለአረጋዊውና ለመበለቲቱ መጦሪያ፣ መሬት ለሌለው ባለ በሬ ወጣትም መነሻ ነውና በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው በችግር ጊዜ፣ በቃል፣ ያለ ምስክር፣ ወሰን በሌለው ዘመን ሲደረግ ነው። ስለዚህ መሪው ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑ እንዲታወቅ፣ ሚስትም እንድትፈርም፣ በመሬት አስተዳደር መዝገብ እንዲገባ ማድረግ ይችላል። መሬቱን አስይዞ የሚበደር ሰውም ብድሩን ካልከፈለ ምን እንደሚጠየቅ ከመፈረሙ በፊት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነው። በብዙ ቦታ ማኅበሩ በሰኔ ማዳበሪያ አከፋፍሎ በጥር የሚተኛ ሆኗል። ትርፉ የሚታወቀው ግን በጥር ነው። ማኅበሩ በመኸር ጊዜ ከአባላቱ እህል ገዝቶ ቢያከማች፣ በክረምት ለአባላቱ በተመጣጣኝ ዋጋ ቢሸጥና ትርፉን ቢያከፋፍል፣ ቀደም ሲል የጠቀስነው የጠፋ ኩንታል ተመልሶ ወደ ድሃው ቤት ይገባል። ለዚህ መጋዘን፣ ሚዛንና በአባላት ፊት የሚመረመር ሂሳብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው በሬ ነው። የእርሻ ብድር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለማዳበሪያ ነው። አንድ በሬ ለቀረው ሰው ግን ሁለተኛውን በሬ የሚገዛበት ብድር በወቅቱ ማግኘት ከውድቀት የሚያድን ነው። ወንፈልና ደቦም መጀመሪያ ወደ መበለቲቱና ወደ በሬ አልባው ማሳ እንዲዘምት መሪው በወቅቱ ማስተባበር ይችላል።

አራተኛው የስም ዝርዝር ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚታቀፉ ሰዎች የሚመረጡት በራሱ በማኅበረሰቡ እንዲሆን ደንቡ ያዛል፤ ቅሬታ ሰሚም አለው። ዝርዝሩ በአደባባይ ሳይነበብ በቢሮ ከቀረ ግን የመሪው ዘመድ ገብቶ የሚገባው ሰው ይወጣል። የወል መሬት፣ የድንጋይ ካባና የጉድጓድ ውሃ ለወጣቶች ሲሰጥም ነገሩ ያው ነው።

በመጨረሻ የሚመጣው ከሁሉም የከበደው ነው። ብዙ ጊዜ መሪ ሆኖ የሚመረጠው ደህና ኑሮ ያለው፣ ለስብሰባ ጊዜ የሚተርፈው ሰው ነው። ስለዚህ የሌላውን መሬት ለእኩል ከሚያርሱት መካከል መሪዎች ራሳቸው ይገኛሉ። ይህ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ሚዛን የያዘ ሰው የራሱን እህል ራሱ ሲመዝን ምስክር ሊኖር ይገባል። መሪው የራሱን የኪራይ ውል ከሁሉ በፊት በመዝገብ ቢያስገባ የሌላውን ለማስገባት አፍ ይኖረዋል።

ቆጠራው ከቀበሌው ይጀምራል

ስንት ሄክታር ታረሰ፣ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ተከፋፈለ፣ ምን ያህል ምርት ተገኘ የሚለው ሪፖርት በየዓመቱ ወደ ወረዳ ይላካል። አስፈላጊ ነው፤ ግን የሚቀረው አንድ ቁጥር አለ። ይኸውም በራሱ በሬ፣ በራሱ መሬት ላይ የሚያርስ አባወራ በቀበሌው ስንት ነው የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ከሩቅ ባለሙያ መጠበቅ አያሻም። በየጎጡ ሁለት ሽማግሌና አንዲት ሴት ተቀምጠው ከቤት ቤት ቢቆጥሩት በአንድ ቀን ያልቃል።

ቁጥሩ ከአምና ዘንድሮ ካደገ ልማቱ ወደ ብዙው ቤት ደርሷል ማለት ነው። ምርቱ አድጎ ይህ ቁጥር ከቀነሰ ግን እህሉ ወደ ጥቂት ጎተራ እየሄደ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ያን ጊዜ የጭላሎው ታሪክ በሌላ ስም በራሳችን ቀበሌ ውስጥ ጀምሯል ማለት ነው። ስለዚህ ከሚቀጥለው መኸር በኋላ በሚደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ይህ ቁጥር ከምርቱ ቁጥር ጎን በሕዝቡ ፊት ቢነበብ፣ ውይይቱም ከእርሱ ቢነሳ፣ የጀመርነው ጥያቄ መልስ ማግኘት ይጀምራል።